የተዘጋው የደሴ ጥሪ

ሥራ አስኪያጁ ደምሰው፣ ጸሐፊዋ ፈለቀች በየሐሙሱ ደሴ እንደምትደውል ሲደርስበት፣ ከራሱ ስልክ በቀር የሁሉንም የክፍለ ሀገር ጥሪ አስዘጋ።

«አቶ ደምሰው፣ ሐሙስን ብቻ ይተዉልኝ።»

«የመሥሪያ ቤት ስልክ ለዘመድ ወሬ አልተተከለም። ዘመድሽን በደብዳቤ ጠይቂ!»

በሦስተኛው ወር አጎቱ ጥቁር ለብሰው ከደሴ መጡ። ቢሮው በር ላይ ሲያዩት ክው ብለው ቀሩ።

«አለህ እንዴ? እኔ እኮ ልብስህን ልረከብ ነው የመጣሁት። እናትህ አርባህን አውጥታለች!»

«ሞተ ብሎ ማን ነገራት?»

«ማንም። በየሐሙሱ ጎረቤት ቤት እየደወለች ‹ልጅዎ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው› የምትላት ሴት ነበረች። እሷ ስትጠፋ፣ እናትህ ‹ሞቱን ደብቃችሁኛል› ብላ ድንኳን አስጣለች።»

ፈለቀች ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና አላለችም። ወደ ደሴ የሚደውለው ብቸኛ ስልክ የደምሰው ጠረጴዛ ላይ ነበር።