የኑሪ ትክክለኛ ዕድሜ

ኢስማኤል ሰውን በዓይኑ የሚለካ ባለሙያ ነው። አሜሪካ ላለ አንድ የቅርጫት ኳስ ክለብ ከየአገሩ ያልተገሩ ወጣቶችን ይመለምላል። አንድ ልጅ ከወንበር ሲነሳ አይቶ ጉልበቱ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ይናገራል። ከእንዲህ ዓይነቱ ዓይን የሚሰወር ነገር የለም።

ዘንድሮ ግን ጨንቆታል። አምና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ብሎ ያስመረጠው ልጅ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ፣ ያውም የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ተገኘ። አለቃው ቆጣ ብሎ፣ "ለድራፍቱ አንድ ንጹሕ ስም እስከ ዓርብ አምጣ። አለዚያ ሌላ ሥራ ፈልግ" አለው። ድራፍት ማለት ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ቀን ነው።

ባለፈው ሳምንት አፍንጮ በር ካለችው እኅቱ ከከዲጃ ስልክ ቪዲዮ ደረሰው። ኑሪ የሚባል የሰፈር ልጅ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥራ አንድ ሳንቲም፣ ብዙም ሳይዘል ኳሷን ቀለበቱ ውስጥ ያስቀምጣል። ከሥሩ፣ "ሌላ መልማይ እየዞረ ነው። ራስህ ካልመጣህ ያመልጥሃል" የሚል ተጽፏል።

ኢስማኤል ደወለ። አልተነሳም። "ስልኩ ድምፅ አያሰማም፣ ጻፍልኝ" የሚል መልስ መጣ። ጻፈ። ስለ ኑሪ ጉልበት ጻፈ፣ ስለ ኑሪ ክንድ ርዝመት ጻፈ።

ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ለሦስት ሠርግና ለስንት ዒድ ተጠርቶ አልተመቸውም። ለኑሪ በአራት ቀን ውስጥ ትኬት ቆረጠ። ሙያን ማክበር ማለት ይኸው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የጫማ ሶል የሚሸጡት አጎቱ ረሻድ ቦሌ ተቀብለው ቤታቸው አስገቡት።

"ልጁ የታለ?" አለ ኢስማኤል፣ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ።

"መጀመሪያ ብላ።"

በላ።

"እሺ፣ ከዲጃስ?"

ረሻድ ወደ ሚስታቸው ወደ መይሙና አዩ።

"ደሴ ናት" አሉ መይሙና ቶሎ ብለው። "የኑሪን የልደት ወረቀት ልታወጣ።"

ኢስማኤል በውስጡ ሳቀ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተኪዶ የሚመጣ የልደት ወረቀት ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ ለእሱ አይነገርም። ማስታወሻውን አውጥቶ፣ "ዕድሜ፦ አጠራጣሪ። ቤተሰቡ ይዋሻል። እኅቴም አለችበት" ብሎ መዘገበ።

መይሙና ስልኩን ቻርጅ ላድርግልህ ብለው ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ ሲጠይቃቸው መብራት ጠፍቷል አሉ። ጓዳ ያለው ፍሪጅ ግን ያንጎራጉር ነበር።

ከዚያ የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ ይገባ ጀመር። እያንዳንዱ ሰላም ይለዋል፣ ጥቂት ይቀመጣል፣ ፊቱን ያየዋል፣ ይወጣል። ኢስማኤል ሁሉንም ደላላ ብሎ መዘገባቸው። ሰባት ደረሱ።

ስምንተኛው ድሮ ስፖርት ያስተማሩት ጋሽ ካሣሁን ነበሩ።

"እርስዎም ኮሚሽን አለዎት፣ ጋሼ? ድራፍቱ እኮ ዓርብ ነው የሚዘጋው።"

"እኔ የማውቀው ድራፍት በጃምቦ የሚቀዳውን ነው፣ አንተ" አሉ ጋሽ ካሣሁን። ማንም አልሳቀም።

በመጨረሻ ኑሪ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። የኢስማኤል ልብ ዘለለች። ቁመቱ እውነት ነው። ክንዱ እውነት ነው። ከዓርብ ዳነ።

"ዕድሜህ ስንት ነው?"

ልጁ ጋሽ ካሣሁንን አየ። "አሥራ ስምንት።"

"ማን አስጠናህ?"

"ወላሂ አሥራ ስምንት ነኝ። ግን... ኳስ ብዙም አልችልም፣ ጋሼ። ቀለበቱን ዝቅ አድርገው ነው የቀረጹኝ።" ኑሪ እንባው መጣ። "ይቅር በለኝ።"

"በቃ፣ ሂድ አንተ" አሉት ጋሽ ካሣሁን።

ኢስማኤል "ጫና አይችልም" ብሎ መዘገበ። ከዚያ ብድግ አለ።

"የዘጠኝ ዓመት እንጀራዬን ልታሳጡኝ ነው የጠራችሁኝ? ዛሬውኑ እሄዳለሁ!"

ጫማውን ፈለገ። የለም። በካልሲው ወደ ግቢው በር ሄደ። ተቆልፏል። ረሻድ በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ።"

"እስከ ጠዋት ታገሠኝ። ጠዋት ሁሉንም እንነግርሃለን።"

"አሁን ለምን አይነግሩኝም?"

"ደክሞሃል። ተኛ።"

"ሰው እንዴት በገዛ አጎቱ ይታሰራል?"

"አሰረኝ ብለህ ቁጠረው።"

አጥሩን አየው። ከጫፉ ላይ ጠርሙስ ተሰክቷል። በአርባ ሁለት ዓመቱ፣ በካልሲ፣ እንደማያልፈው በዓይኑ ለካ። መልማይነቱ እዚህ ላይ እንኳ አልከዳውም።

"ለከዲጃ ንገሯት" አለ እየተመለሰ። "ሁለተኛ ዓይኗን አላይም።"

ረሻድ የበሩን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱ።

ገና የንጋቱ ሶላት፣ ሱብሒ፣ እንደተሰገደ በሩ ተከፈተ። ስምንቱም ደላሎች ገቡ፣ ሌሎችም ተከትለዋቸዋል። ረሻድ በቀኙ፣ ኑሪ በግራው ተቀመጡና ክንዱን ያዙት። ኢስማኤል ሊያስፈርሙት እንደመጡ ገባው።

"ምንም አልፈርምም" አለ። "አንድ ነገር ብቻ እውነቱን ንገሩኝ። የልጁ ዕድሜ ስንት ነው?"

ጋሽ ካሣሁን ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ኑሪ እውነትም አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እኅትህ ስታርፍ ግን አርባ አራት ነበረች።"