የእትዬ በየነች ውሻ ለምን አልበላም አለ?

«ይሄን ውሻ ካላሰርሽው በጥይት ነው የምለው!»

አብዮት ጠባቂው ከፈለኝ ነው። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በሯ ላይ ቆሟል።

እትዬ በየነች የውሻውን ሳህን መሬት አስቀመጠች...

ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነው። ቦታው ቴፒ፣ ከከተማው ጫፍ፣ ቡናው ከሚጀምርበት።

ያኔ ከፈለኝ በር ላይ ከቆመ ቤት ውስጥ ያለ ሰው አይተነፍስም። ልጆች ድምፁን ሲሰሙ አልጋ ስር ይገባሉ።

«ምን አደረገ ወንድሜ?» አለች።

«ሦስት ቀን ሙሉ አልበላም ብሏል አሉ። እንዲህ የሚያደርገው ያበደ ውሻ ነው። እሰሪው ብያለሁ፣ እሰሪው!»

ጥሏት ሄደ።

እውነቱን ነው... መቻል አልበላም ብሏል።

መቻል የልጇ የማናልሞሽ ውሻ ነው። ማናልሞሽ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከአስራ ሁለት ቀን በፊት ተማሪ ሲታፈስ ከትምህርት ቤት ወጥታ ቤቷ አልገባችም።

ታሰረች የሚል የለም። ሞተች የሚል የለም።

ቀበሌ ሄዳ እንዳትጠይቅ... መጠየቅ ራሱ ያስጠይቃል።

ጭራሽ አሁን ደግሞ ውሻው መብላት አቆመ።

ጎደሬ ቀቅላ ሰጠችው... አሽትቶ ፊቱን አዞረ።

ወተት አቀረበችለት... እምቢ።

ከሥጋ ቤት አጥንት ለምና አመጣች... አልነካውም።

ጎረቤቷ አማረች መጣች።

«አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ይሆን? አፉን ከፍቼ ልየው?» አለቻት በየነች።

«እጅሽን እንዳትከቺ! ያበደ ቢሆንስ? እስቲ ከሩቅ ውሃ አስጠጊለት፤ ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል።»

ውሃውን አስጠጋችለት። መቻል ግጥም አድርጎ ጠጣ። ለሃጭ የለውም። ጭራውን ይቆላል።

አማረች አቀርቅራ ተናገረች።

«ይሄ ያበደ አይመስልም... በየነች፣ አይክፋሽና... ውሻ ባለቤቱ ስትሞት ይታወቀዋል ይላሉ።»

በየነች እዚያው ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ መቻልን በገመድ አሰረችው። እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ገመዱን በጥሶ ወጣ።

ተከተለችው።

ቡናው ውስጥ ገባ። ገባች። ቅጠሉ ፊቷን በውሃ ይመታታል፣ ጭቃው ጫማዋን አስቀርቶባታል...

አንድ ነገር ብቻ ነው የምታስበው። «የልጄ ሬሳ ጋ እየወሰደኝ ነው።»

መቻል ከአንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ኋላ ቆመ። መጋዘኑ ከባለቤቱ የተወረሰ ነው። በሩ ታሽጓል። ቁልፉ ያለው ከፈለኝ ጋ እንደሆነ አገር ያውቃል።

ውሻው በግድግዳው ጣውላ ስር ተስቦ ገባ።

በየነች ጭቃው ላይ ተንበርክካ ጆሮዋን ለጠፈች። ውሻው ሲያላምጥ ይሰማል... ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ብላ መቻልዬ... እኔ አይወርድልኝም።»

ማናልሞሽ!

በየነች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ልትጮህ ነዋ!

ያኔ ነው ከኋላዋ አንድ እጅ ትከሻዋን የያዛት...

ዞረች።

ከፈለኝ።

ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። በሌላ እጁ ግን በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዟል።

«እባክሽ እትዬ፣ አትጩኺ» አለ። ዙሪያውን ቃኘ። «እሰሪው ያልኩሽ ለዚህ ነበር። ውሻው ሰሞኑን በየቀኑ እዚህ ይመላለሳል። ዛሬ አንቺ ተከተልሽው... ነገ የቀበሌው ሊቀመንበር ቢከተለውስ?»

«አንተ ነህ የደበቅካት?»

«ያን ቀን ስትሮጥ እዚህ ጋ አገኘኋት። ልጅ ናት... ምን ላድርግ?»

«ታዲያ እኔን እናቷን ለምን አልነገርከኝም?!»

«ብነግርሽ ለቅሶሽ ይቆማል። ለቅሶሽ ከቆመ ሰው ይጠረጥራል። ይልቅ አሁን አብዪያት። እኔ በየቀኑ የማመጣውን እሷ የምትበላው መስሎኝ... ለካ ውሻው ነው የሚጨርሰው።»

መቻል አልታመመም። ጠግቦ ነው።

ምግብ እምቢ ያለችው በፍርሃት ጉሮሮዋ የተዘጋው ማናልሞሽ ነበረች።

በየነች እጇን በጣውላው ስንጥቅ አስገባች። «እኔ ነኝ እናትዬ... ብዪ።» ልጅቷ የእናቷን እጅ ጨብጣ እያለቀሰች በላች።

ከዚያ በየነች ቤቷ ተመለሰች። ውሻውን በሰንሰለት አሰረችው። በማግስቱ ጎደሬውን ሙልጭ አድርጎ በላ።

እሷ ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ ጎረቤት እየሰማት አለቀሰች... ልጇ በሕይወት እንዳለች እያወቀች!

በስምንተኛው ሳምንት ከፈለኝ ማናልሞሽን ቡና በጫነ መኪና ላይ አሳፍሮ ጅማ ዘመድ ቤት ሰደዳት። ተረፈች።

ዓመታት አለፉ... ግንቦት 1983። ደርግ ወደቀ።

ሕዝቡ ድንጋይ ይዞ የከፈለኝን ቤት ከበበ። «ይውጣ! ያሰቃየን ይውጣ!»

በየነች ሰዉን እየገፋች በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ፀጉሯ ሸብቷል።

«ጠመንጃ አውርዶ ደጄ ላይ የቆመብኝ እኔ ነኝ። መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ!»

ያቺን ቀን ከነዝናቧ ተናገረች።



ከመሃል ገብረወልድ የሚባል ልብስ ሰፊ ድንጋዩን አስቀመጠና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እኔንም...» አለ። «እኔንም ‹ነገ እዚህ ካየሁህ አስርሃለሁ› ብሎ በጥፊ መትቶ ከከተማ አባሮኝ ነበር። ስረግመው ነው የኖርኩት... ለካ ጓደኞቼ የተያዙት በማግስቱ ነው።»

ከፈለኝ በሩን ከፍቶ ወጣ። ገብረወልድ ተነስቶ አቀፈው።

ወዳጆቼ...

ውሻዎ አልበላ ካለ አይደብድቡት፣ ለመግደልም አይቸኩሉ። እጅዎን አፉ ውስጥ ሳይከቱ ሐኪም ያሳዩት። የት እንደሚውልም ይመልከቱ።

ሰውንም እንደዚሁ። ጮክ ብሎ የተናገረንን ብቻ ሰምተን አንፍረድበት፤ በዝምታ ምን እየሠራ እንደሆነ አናውቅም።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተስ በከፈለኝ ቦታ ብትሆኑ፣ የገዛ ጎረቤታችሁ ሁሉ ጠልቷችሁ ያን ያህል ዘመን ዝም ትሉ ነበር?