ከካላንደሩ ጀርባ

ልጄ ምንታምር ልታገባ ነው። የሙሽራው ሽማግሌዎች ነገ ሰባት ቤት ሊያስቆጥሩን ስለሚመጡ የዘር ግድግዳችንን ትወለውላለች። እንደ ሁሉም ቤት፣ ግድግዳችን በሕይወት ላለ ለእያንዳንዱ የሥጋ ዘመድ ያለበት ከተማ የተጻፈበት አንድ መብራት ያበራል። ዘመዱ ባለበት አገር ሆኖ ሲናፍቀን የእኛን መብራት በጣቱ ይነካል፤ የሱም መብራት እኛ ቤት ይግላል።

"ጅቡቲ፣ የባቡር ሠራተኛው የቅድመ አያቴ ዘሮች። ማርሴይ፣ ወደብ ሊሠሩ ሄደው የቀሩት" እያለች ቆጠረች። ከዚያ ሳቀች። "እማ፣ ይሄ ካላንደር እኮ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው! ምነው አትጥዪውም?"

"ተይው!" ብዬ ብጮህም አውርዳው ነበር። ከሥሩ ቤይሩት የሚል መብራት ወጣ።

"ይሄ ደግሞ የማነው?"

"የእህትሽ" አልኳት። "ሰው ቤት ስሠራ ወልጄ እዚያው ትቻት መጣሁ። መብራቷን ማየት ሲያቅተኝ ሸፈንኩት።"

ምንታምር አልተቆጣችም። ካላንደሩን ገልብጣ ጀርባውን አየችው። መብራቱ ሲያርፍበት የኖረው ቦታ ጠቁሮ ተቃጥሏል።

"እማ፣ ስንት ጊዜ ብትነካን ነው?"

መብራቱን በጣቴ ነካሁት። እንደጋለ ነው።