ዶቅዶቄ ሲሰማ

የኋላው ጎማ አሸዋውን ይቆፍራል እንጂ አይወጣም። ወርጄ እገፋለሁ፤ ዶቅዶቄው እንደ እልኸኛ በቅሎ ካለበት ንቅንቅ አይልም። «ያ አላህ፣ የዛሬን ብቻ!» እላለሁ። ሰው በስልሳ ዓመቱ መስገጃውን ይዞ ጥላ ስር ይቀመጣል፤ እኔ በሮቢት ወንዝ አሸዋ ውስጥ ከጣሊያን ብረት ጋር እታገላለሁ።

ሚስቴ ሙሀባ እየሞተች ነው። ትናንት አንድ የአገሬ ሰው ጣርማ በር ድረስ መጥቶ ነገረኝ። እዚያ የመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ውስጥ ለጣሊያን መልእክት አመላልሳለሁ፤ ወጣቶቹ ከዶቅዶቄው እየወደቁ ሲሰበሩ፣ «ይሄ ሽማግሌ መንገድ ያውቃል» ብለው እኔን አስተማሩኝ። «ሙሀባ ነፍሷ አልወጣ ብሏታል» አለኝ ሰውዬው። «‹አብዱልሃዲን አውፍ ሳልለው አልሄድም› ትላለች።»

በእኛ አገር ሰው ይቅር ሳይባባል አፈር አይገባም። የእሷ ቂም ደግሞ፣ ወላሂ፣ ይገባኛል። ልጃችን አርበኞቹ ጋር ገብቶ በሞተ ጊዜ፣ «መርቀሽ የሸኘሽው አንቺ ነሽ፤ ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። ያንን ብዬ ከቤት ወጣሁ፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

መንደራችን በእግር አንድ ቀን ተኩል ያስኬዳል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ፣ አለቃው ሳይነሣ፣ ዶቅዶቄውን እየገፋሁ ከሰፈሩ አወጣሁት። አውራ ጎዳናው ላይ ኬላ አለ፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት በቅሎ ጭኜ የተመላለስኩበት አገር ነው፤ ገደሉን በፍየል መንገድ ወረድኩት። ሁለቴ ወደቅሁ፤ ክርኔ ተላጠ። ስመለስ ይገርፉኝ ይሆናል። ይግረፉኛ!

ጎማው ድንገት መሬት ነክሶ ይወጣል። የአቧራ መነጽሬን አጥልቄ ማሽላው መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ እለቀዋለሁ። ዙህር ሳይደርስ የመንደራችንን ግራር አያለሁ፤ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። በዚህ ዕድሜዬ፣ ብቻዬን፣ በዚያ ገደል! «ደረስኩልሽ ሙሀባ!» እላለሁ ጮክ ብዬ።

መንደሩ ውስጥ ሰው የለም።

የተሰጣውን ማሽላ ዶሮ ይለቅመዋል። ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት ይንተከተካል፤ የሚያማስለው የለም። ቤቴ እገባለሁ። መደቡ ባዶ ነው። የተኛችበትን ቁርበት ስዳስሰው ገና ይሞቃል።

ከጎረቤት ሳል ይሰማኛል። እትዬ አበበች ናቸው፤ እግራቸው ከያዛቸው፣ ዓይናቸውም ከደከመ ቆይቷል። ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ማነህ? ወታደር ነህ? እኔ ቤት ምንም የለም።»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ አበበች፤ አብዱልሃዲ። ሙሀባስ?»

«ውይ አብዱልሃዲ! በየት በኩል መጣህ? ወታደሮቹ አላገኙህም? ዶቅዶቄ ተሰማ እኮ! ሙሀባን በቃሬዛ ይዘዋት ወደ ቁጥቋጦው ሸሹ። እኔን ተዉኝ፣ እሷን አውጡ አልኳቸው።» በእጃቸው እየዳሰሱ ክንዴን ይይዙኛል። «አንተው አይደለህ የላክህብን? ‹ዶቅዶቄ ስትሰሙ የማን ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ ከኋላው ወታደር አለ፤ የታመመውን ተሸክማችሁ ውጡ› ብለህ! አምና መንደሩን ሲያቃጥሉት ያ ቃልህ ነው ያተረፈን። ተባረክ፣ ልጄ።»

ብዬ ነበር። በጨው ነጋዴ አፍ ነው የላክሁት። የጣሊያንን እንጀራ እየበላሁ የሠራሁት ደግ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ዛሬ ግን እኔው ስለነዳሁት ያን ቃሌን ረሳሁት፤ ዶቅዶቄው የቤት ከብት መሰለኝ። የራሱን ኮቴ የሚፈራ ማን አለ?

ደጃፌ ላይ የቆመውን ብረት አየዋለሁ። በእሱ ብከተላቸው ይብሱን ይርቁኛል። ትቼው በእግሬ እሮጣለሁ፣ ይሄም ሩጫ ከተባለ። «ሙሀባ! እኔ ነኝ! ቁሙ፣ እኔ ነኝ!» ትንፋሼ ስለሚያጥር ድምፄ ሩቅ አይሄድም።

ከደረቁ ጅረት ማዶ፣ ቁርቁራ ዛፍ ስር አገኛቸዋለሁ። ቃሬዛውን መሬት ላይ አውርደውታል። የእህቴ ልጅ ኢብሮ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበት ከጎኑ ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

«ኢና ሊላሂ፣ ጋሼ» ይላል። «አሁን ነው ያለፈችው። ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ እንረፍ አልናት። እሷ ናት እንቢ ያለችው። ‹አትቁሙ፤ አብዱልሃዲ አትቁሙ ብሏል› አለችን።»

«አውፍ ብላኝ ነበር?» እላለሁ። «የተናገረችው የለም?»

«እኛም ጠይቀናት ነበር፤ ምናልባት ባትገናኙ ብለን። ‹ይመጣል፤ በአፌ እነግረዋለሁ› አለች።»

እንበረከካለሁ። እጇ ውስጥ የቃሬዛው ገመድ አለ፤ አጥብቃ እንደያዘችው ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ እፈታለሁ። «አውፍ በይኝ» እላታለሁ። ለያኔው ይሁን ለዛሬው እኔም አላውቅም። አለቅሳለሁ፤ ሰው ፊት ማልቀስ ያሳፍረኝ ነበር፤ ዛሬ አያሳፍረኝም።

ኢብሮ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ይይዛል። ወደ መንደሩ አሻግሮ እያየ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ በመንደሩ በኩል ነው የመጡት? ወታደሮቹን አዩዋቸው? ያ ዶቅዶቄ የት ደረሰ?»

እንባዬን ልጠርግ እጄን ሳነሣ የኢብሮ ዓይን እጄን ይከተላል፤ ከእጄም አንገቴ ላይ ወደተንጠለጠለው የአቧራ መነጽር ይወርድና እዚያው ይቀራል።