የባና ካፖርት

ይመኙሻል መርፌውን በሳበች ቁጥር የካፖርቱ ክር አብሮ ይመዘዛል። ለቁልፍ ብላ በምላጭ የሰነጠቀችው ቀዳዳ ጠርዙ አልያዝ ብሎ እየሰፋ ሄደ።

"ወይኔ ጉዴ!"

ሞላሌ መንገድ ዳር፣ ዘማቾችን የሚጭነው አይሱዙ ሞተሩ ተነሥቷል። ታናሽ ወንድሟ ፈንታ ካርቶን ሻንጣውን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ካፖርቱ የሱ ነው። እናታቸው ጥሩሸዋ የበጎቻቸውን ፀጉር ክረምቱን ሙሉ ፈትለው፣ ፈትሉን ለሸማኔ ሰጥተው ባና አሠርተው፣ "አንቺ ስፌት ተምረሽ የለም እንዴ" ብለው እንድትሰፋው የሰጧት ነው።

ተምራስ ተምራለች። አስተማሪዋ "መጀመሪያ ዙሪያውን ስፊ፣ ከዚያ ቅደጂ" ስትላት ከርማለች። እሷ ግን በአቡጀዲ ቁራጭ ላይ መጀመሪያ ቀድዳ ኋላ ስትሰፋ ምንም አልሆነም። አቡጀዲ ጥብቅ ነው፤ ቻላት። የእናቷ ባና ላላ ያለ የእጅ ፈትል ነው፤ ምላጭ ከነካው ማን ይይዘዋል? ደግሞ ሦስቱንም የቁልፍ ቀዳዳ ባንድ ጊዜ መሰንጠቋ!

ከጠርዙ ራቅ አድርጋ ሰፋች። ስፌቱ ከነፀጉሩ ወለቀ። አሁን ቀዳዳው ቁልፍ አይደለም፣ ጡጫ ያሳልፋል።

"አልደረሰም ልጄ?" አሉ እናቷ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል።

"ደርሷል እማዬ።" ምን ትበል?

ፈንታ ካፖርቱን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደ። "ተይው እታለም። የምሄደው ቆላ ነው ይላሉ።"

"ሌሊቱስ? ሌሊቱን ምን ትሆናለህ?" አለችው።

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ፈንታ ካፖርቱን ለበሰ፣ የእናቱን ጉልበት ሳመ፣ እሷን አቀፋት። ሲሳፈር አንድ እጁ የመኪናውን ብረት፣ ሌላው የካፖርቱን ደረት እንደ ጨበጠ ነበር።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። የሌሎቹ ልጆች እጅ ሁሉ ተነሣ፤ እናቶች እልል አሉ፣ አለቀሱ። ፈንታም እጁን ሊያነሣ ደረቱን ለቀቀ፤ ነፋሱ ካፖርቱን ወደ ኋላ ገለበው። ቶሎ ብሎ መልሶ ያዘው።

ጥሩሸዋ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አቧራውን ያያሉ።

"ያ የኔ ልጅ ነው? ምነው እሱ እጁን አላነሣልኝም?"

ይመኙሻል ሦስቱን ቁልፎች በጡጫዋ ይዛ ቆመች።