የደረት ልክ

የሽማግሌው ልብስ ሰፊ ታናሽ ወንድም ሜትሩን ከአንድ ደንበኛ ደረት ሁለት ጣት አርቆ አየር ላይ ሲያዞረው፣ ሽማግሌው ልኩን የሚጽፍበትን እስክሪብቶ እንደያዘ ቀና አለ። "መቶ አስር!" አለ ወንድሙ። ቀድሞ የመጣውን ደንበኛ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ እየቀለደ ነበር የለካው። የዚህኛው ደንበኛ የቆዳ ቀለም ግን ከነሱ የተለየ ነበር። ሰውየው ክንዶቹን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ቆሞ ነበር። ቅዳሜ ልጁን ይድራል፤ ኮቱም ለዚያ ነው።

"ምነው፣ ሰውየው ያቃጥላል እንዴ?" አለ ሽማግሌው።

"እኔ እኮ በዓይኔም እለካለሁ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው በዓይኑ ይልበሰዋ!"

ይህን ብሎ ወረቀቱን ሲያይ ግን አፈረ። እንዲሁ በአየር የተለካውን የትከሻና የእጅ ልክ፣ ዝም ብሎ የጻፈው እሱ ራሱ ነበር። በልቡ "ማረኝ" አለና ሰረዘው። እስክሪብቶውን ለወንድሙ ሰጥቶ ወደ ደንበኛው ዞረና፣ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር" አለ፤ ሜትሩን በሰውየው ብብት ሥር አሳልፎ ደረቱ ላይ አጋጠመው። ከጣቶቹ ሥር የሰውየው ልብ ድው ድው ይል ነበር።

"መቶ" አለ። ወንድሙ ሊጽፍ ጎንበስ አለ።

"ቆይ፣ ቆይ!" አለው ሽማግሌው።

ሰውየው ሲለካ ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ለቆ፣ ገና አሁን አየር በረጅሙ ሳበ። ሜትሩ በሽማግሌው ጣቶች መካከል ተንሸራተተ።

"መቶ ሦስት። እሱን ጻፍ" አለ ሽማግሌው። "ልጁን ሲድር መተንፈሻ ያስፈልገዋል።"