መስኮት ያለው ፉርጎ

የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች ሁሉ ሲወጡ ወይዘሮ ፈንታነሽ መጽሐፉ ላይ እንዳጎነበሱ ቀሩ። መጽሐፉ የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካን የባቡር ታሪክ የሚተርክ ነበር። የድሬዳዋው ልጅ መምህር ሰዒድ ነው ደብረ ታቦር ድረስ ይዞት የመጣው። እሳቸው ባቡር አይተው አያውቁም።

«መጀመሪያ ድንጋይና ከሰል ነበር የሚጭነው፤ ሰው የተሳፈረበት ኋላ ነው» አላቸው ሰዒድ።

«ልጄን ወደ ጦር ግንባር የወሰደው የትኛውን ይመስላል?»

የሰዒድ ጣት ሥዕሉ ላይ ቆመ። ዘማቾቹ በጭነት ፉርጎ ታጭቀው ሲያልፉ በዓይኑ አይቷል፤ ይህን ለእናት መንገር ግን ከበደው። «ይሄን ነው፣ እትዬ» አለ፣ መስኮትና መቀመጫ ያለውን ፉርጎ እያሳየ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ መስኮቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ከጉያቸው የልጃቸውን ደብዳቤ አውጥተው፣ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ። «መስኮት... የለውም። ከእህል ጆንያ ጋር... ሄድን።»

ሰዒድ ደነገጠ። «ማን አነበበልዎት?»

«ማን ያነብልኛል? አንተ አይደለህ ያስተማርኸኝ!» ጣታቸውን ወደ ጭነቱ ፉርጎ ሥዕል አዞሩ። «በል እውነቱን ንገረኝ። አየር በየት ይገባል?»

ሰዒድ በኀፍረት አንገቱን ደፋ። «ጎኑ ላይ ትልቅ በር አለው፤ ከፍተውት ነው የሚሄዱት። አይቻቸዋለሁ፣ እትዬ። እግራቸውን ወደ ውጭ አንጠልጥለው ይዘፍኑ ነበር።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ አግዳሚውን ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ምን እያሉ ነበር የሚዘፍኑት?»